የንጹሕ ሰው መሮዎች

ሰውዬው ገና ደጃፉን እንደረገጠ አስጠላት። አፍንጫውን በመዳፉ ጠረገና ያንኑ እጁን ሊጨብጣት ዘረጋ። ቀሚሷን የምታስተካክል መስላ እጇን አሸሸች።

«የእንጨት ሥራ ዕቃ ይሸጣል የተባለው እዚህ ነው፣ እትዬ?»

«እዚህ ነው። ግን ለማንም አይሸጥም» አለች።

እውነቷን ነው። አናጺው ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጇ አብረን እንኑር ብላ ስለለመነቻት ቤቱን ልትለቅ ነው። አልጋውንም ቁም ሳጥኑንም ለመጣው ሁሉ ሸጣለች። የባሏን ዕቃ ግን ንጹሕ እጅ ላለው ሰው ካልሆነ አልሰጥም ብላ ስንቱን ገዢ ከበር መልሳለች። ለእሷ ከባሏ የቀራት ያ በጓዳው ግድግዳ ላይ የተሰቀለው፣ መሣሪያው በየቀዳዳው የተሰካበት መደርደሪያ ነው። ቆሻሻ እጅ ላይ ብትጥለው የባሌ አጥንት ይወቅሰኛል ብላ ትፈራለች።

ሟቹ በንጽሕና ጉዳይ ቀልድ አያውቅም ነበር። ሌላው አናጺ ሰጋቱራ ለብሶ እራቱን ይበላል፤ እሱ ወለሉን ጠርጎ፣ ብረቱን ወልውሎ፣ እጁን እስከ ክርኑ ታጥቦ ነበር የሚቀርበው። ያገለገለ ዕቃ ገዝቶ የመጣ ዕለትማ ጫማውን ሳያወልቅ የብርጭቆ ወረቀቱን ይዞ ቁጭ ይላል። የእጀታውን ቂጥ እስኪነጣ ይፍቀዋል። «የሰው እድፍ አልሸከምም» ይላል። መደርደሪያው ላይ ያሉትን ቀያይ እጀታ ያላቸውን መሮዎች ደግሞ አቧራ ይበላቸዋል ብሎ ወደ ሥራ ቦታ ይዟቸው ወጥቶ አያውቅም። እዚሁ ጓዳ ውስጥ፣ በሩን ዘግቶ ብቻ ነበር የሚሠራባቸው።

ሰውዬው ግቡ ሳይባል ጓዳ ገባ። መጋዙን አለፈው። መላጊያውን አለፈው። ሰው ሁሉ የሚጎመጅበትን፣ እንጨት ጨብጦ የሚይዘውን ሞርሳ ዞር ብሎም አላየው። መሮዎቹ ጋ ሲደርስ ግን አንዱን መዘዘና እጀታውን አፍንጫው ላይ ለጥፎ እንደ ውሻ አሸተተው።

«ዘይቱ አሁንም አለ» አለ፣ ለራሱ።

«የምን ዘይት? ባሌ ዘይት ቀብቷቸው አያውቅም።»

ሁለተኛውንም አሸተተ። ጥፍሮቹ ሥር የደረቀ ኮላ ተጋግሯል፤ ልብሱ የሻገተ ጣውላ ይሸታል። አውራ ጣቱን ላሰና የእጀታውን ቂጥ ማሸት ጀመረ። ምራቁ እንጨቱ ላይ ሲያብለጨልጭ አይታ ፊቷን አዞረች። ባሏ ያን ያህል የለፋበት እጀታ!

«ስለቱን ልየው» አለ።

ከዚያ በኋላ ያደረገውን ለጎረቤት ስትነግር እንኳ እንደሚዘገንናት ታውቃለች። ጠረጴዛው ላይ በተቀመጠው የስለት መሳያ ድንጋይ ላይ እንትፍ አለበት። መሮውን በምራቁ ላይ ካንሸራተተ በኋላ ክንዱን ገለጠና ፀጉሩን በመሮው ላጨ። ሽበትና ጥቁር የተቀላቀለበት ፀጉር ትናንት አጥባ ባነጠፈችው የጠረጴዛ ጨርቅ ላይ ረገፈ።

«ደህና ስለት ነው» አለና ሳል ያዘው። ሳሉ እርጥብ ነበር። «ትንሽ ውሃ፣ እትዬ።»

አለመስጠት ነውር ስለሆነባት ሄዳ ቀዳች። ወደፊት የማትጠጣበትን ብርጭቆ መርጣ ነው። ስትመለስ ሰውዬው ከመደርደሪያው ርቆ ቆሟል፤ ያነገተውን ቦርሳ ከወገቡ ወደ ፊቱ አዙሮታል። በውሃው ከተጉመጠመጠ በኋላ ዋጠው።

«ባለቤትዎ የት ነበር የሚሠሩት?» ሲል ጠየቃት።

«የትም ቢሠራ ምን አገባህ? እንዳንተ ያለ ሰው አይምሰልህ። ንጹሕ ሰው ነበር።» አንቱታውም ተረስቷታል። «በል፣ አልሸጥም። ውጣልኝ።»

ሰውዬው አልተከራከረም። ጎንበስ ብሎ ሊያልፋት ሲል ግን የቦርሳው አፍ ተከፈተ፤ አንድ ቀይ የመሮ እጀታ ከውስጡ ብቅ ብሎ አየች።

ደሟ ፈላ። ማስጠላቱ አልበቃ ብሎ ሌባም ነው። በሩን በጀርባዋ ዘጋችና በመስኮቱ ጎረቤቷን፣ ልብስ ሰፊውን፣ ጠራች። ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ እየሮጠ መጣ።

«ውሃ ላመጣለት ዞር ባልኩበት የባሌን መሮ ቦርሳው ውስጥ ከተተው። ፈትሽልኝ፣ ወንድሜ።»

ሰውዬው ቦርሳውን ራሱ አቀበለው። ልብስ ሰፊው መሮውን አውጥቶ ከመደርደሪያው መሮዎች አጠገብ ያዘው። ያው ቀይ እንጨት ነው። ያው የናስ ቀለበት፣ ያው መሀሉ ላይ ሰርጎድ ያለ አያያዝ።

«አየህ? የአንድ እናት ልጆች ናቸው» አለች። «እስቲ አሁን ይካድ። እንዲህ ያለ እጀታ ሌላ ቦታ አይገኝም፤ ባሌ ራሱ ነው የነገረኝ።»

«እውነት ነው፣ አይገኝም» አለ ሰውዬው።

ልብስ ሰፊው መሮውን ወደ ቦታው ሊመልስ መደርደሪያውን ፈለገ። ከዳር እስከ ዳር አየው። እንደገና አየው።

«እትዬ፣ ክፍት ቀዳዳ እኮ የለም። የእናንተዎቹ ሁሉም ቦታቸው ላይ ናቸው።» መሮውን ገለበጠ። «ይሄኛው ደግሞ ቂጡ ላይ በጋለ ብረት የተተኮሰ የወፍ ምልክት አለበት። የእናንተዎቹ ላይ የለም።»

«ነበረ» አለ ሰውዬው፣ መደርደሪያው ላይ ያለውን የተፋቀ የእጀታ ቂጥ በአውራ ጣቱ እየዳሰሰ።