ሳይሸፈን ያለፈ ቃል

የመዝገብ ቤት ኃላፊዋ አዲሱን ድረ ገጽ በስብሰባው ፊት ሊሞክሩ የቆየ የይለፍ ቃላቸውን አስገብተው ቁልፉን እንደተጫኑ፣ ቃሉ በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ ሰው ሁሉ እንዲያነበው ሆኖ ወጣ፦ «ባሌይመጣል»። ድረ ገጹን የሠራው ፕሮግራመር ክው አለ። ከአንዱ ሰርቨር ወደ ሌላው የሚተላለፈውን የሚከታተልበትን የኮምፒውተር መስኮት ሳይዘጋ ረስቶታል። የይለፍ ቃሎቹ ማንም እንዳያነባቸው በምስጢር ኮድ ተሸፍነው እንዲያልፉ ማድረጉንም «ነገ፣ ነገ» ሲል ከርሟል። ዘሎ ፕሮጀክተሩ ፊት መዳፉን ዘረጋ፤ ቃሉ ከግድግዳው ጠፍቶ መዳፉ ላይ አረፈ።

«የማን ነው?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«የእኔ ነው፤ ለሙከራ የጻፍኩት» አለ ፕሮግራመሩ።

«አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ባል የምትጠብቀው?» አለ አንዱ። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ጥሏቸው የሄደውን ባላቸውን ስሙን እንኳ አልጠራም ይሉ የነበሩት ሴትዮ ግን አልሳቁም።

«እጅህን አውርድ ልጄ፣ ይደክምሃል። የእኔ ነው» አሉ። ሳቁ ቀጥ አለ። «ይልቅ የይለፍ ቃሉን መቀየሪያ አሳየኝ።»

ቢያሳያቸው ነገሩ እዚያው ያልቅለት ነበር። እሱ ግን ኮምፒውተሩን ቀስ ብሎ ከደነው።

«አሁን አይቀይሩ፣ እትዬ። አዲሱም እንዲሁ ራቁቱን ነው የሚያልፈው። እኔ ነኝ ሳልሸፍነው የተውኩት።»

«ከዛሬ በፊትስ ያየው ሰው አለ?» አሉ ሴትዮዋ።

መዳፉን ሱሪው ላይ ጠረገ።

«እኔ አይቼዋለሁ» አለ፣ አንገቱን ደፍቶ። «የሁላችሁንም ቃል ከድሮው ወደ አዲሱ ሳሻግር፣ በሞከርኩ ቁጥር አየው ነበር።»