በጠመኔ የተሠራ ቤት

አዲሱ ሕግ ከወጣ ወዲህ፣ ሰፈር የነደፈ ሁሉ ከነደፋቸው ቤቶች በትንሿ ውስጥ ዐሥር ዓመት መኖር አለበት። ስለዚህ የከተማ ፕላን ተመራቂ ተማሪዎች ለሥራ ቃለ መጠይቅ ሲለማመዱ፣ ያችን ቤት በእውነተኛ ልኳ በትምህርት ቤታቸው አዳራሽ ወለል ላይ በጠመኔ ይሥሉና ዘመድ ጠርተው ያስገባሉ።

ሶልያና የጠራችው እናቷን ወይዘሮ ብሩክታዊትን ነው። እናት ጫማቸውን አውልቀው በጠመኔው በር ገቡ። ሰገነቱን ሲያዩ፣ “እሰይ፣ ፀሐይ ያስገባል” አሉ። መኝታ ክፍሉ ሲደርሱ ግን ነጠላቸውን ከአልጋው ሥዕል ጎን አንጥፈው ጋደም ቢሉ፣ እግራቸው ግድግዳውን አልፎ ሰገነቱ ላይ ወጣ።

“ዝናብ ቢመጣ እግሬ መበስበሱ ነው” አሉ።

ተማሪው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ሶልያና ብቻ አልሳቀችም።

“እማ፣ አንቺማ ቤትሽን ትተሽ ከእኔ ጋር ልትኖሪ የምትመጪ አልመሰለኝም።”

“ታዲያ ዐሥር ዓመት ብቻሽን ልትከርሚ ነው?”

መምህሯ አቶ ናሆም እርጥብ ጨርቅ አቀበሏት። “ነገ ቀጣሪዎቹም ይህንኑ ነው የሚጠይቁሽ” አሏት።

ሶልያና ተንበርክካ ግድግዳውን አጠፋችና ወደ ውጭ ገፍታ እንደገና ሣለችው። ስንት ቀን የተጠበበችበት ሰገነት እዚያው ተዋጠ። ትንሽ ቆጫት፤ ግን የእናቷ እግር ቤት ገብቷል።

ወይዘሮ ብሩክታዊት ነጠላቸውን ሰብስበው ተመቻቹ።

“በይ አሁን በሩን ዝጊው፣ ብርድ እየገባ ነው።”

ሶልያና እየሳቀች ጠመኔዋን አነሳችና በሩን ከውስጥ ሆና ዘጋችው።