የቆጣሪ አንባቢው ወንበር

በሩን ገፍቶ ይገባል። ሃያ ሁለት ዓመት የሰው በር ሲያንኳኳ የኖረ የውኃ ቆጣሪ አንባቢ፣ ዛሬ የአለቃውን በር ማንኳኳት አላሰኘውም።

«ጋሼ፣ ደህና ነዎት? ይቀመጡ እንጂ» ይላል አለቃው። አለቃው ለሥራው አዲስ ሳለ ቆጣሪ ማንበብን፣ ከውሻ ማምለጥን ያስተማረው ይኸው አንባቢ ነበር።

«መቀመጥማ ነው የጣለኝ።»

ከሐኪም የተቀበለውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ይወረውረዋል። አለቃው ያነብባል፦ እንቅልፍ ማጣት፣ ጭንቀት፣ ድብርት። ከሥሩ ደግሞ፦ በየቀኑ አንድ ሰዓት በእግር ይራመዱ።

«ይራመዱ አለኝ፣ ያውም አንድ ሰዓት። ቀኑን ሙሉ ስዞር የኖርኩትን ሰውዬ።»

«እኔ እኮ አዝኜልዎት ነው። ባለቤትዎ ካረፉ በኋላ ፀሐዩና ዳገቱ እንዳይጎዳዎት ብዬ…»

«ማን እዘንልኝ አለህ? እሷን ቀብሬ ሳምንት ሳይሞላ ያንን ዳገት ስወጣ ነበር። እያለቀስኩ፣ ላብ እያጠመቀኝ፣ ቆጣሪ እያነበብኩ። ማታ እግሬ ዝሎ እተኛለሁ፤ ጠዋት ሰው ሆኜ እነሳለሁ። አንተ መጣህና የቢሮ ወንበር ሰጠኸኝ። ይኸው ሦስት ወር ሆነኝ፤ ግድግዳ ላይ አፍጥጬ ስውል የሚሰማኝ የእሷ ማቃሰት ብቻ ነው። እኳላለሁ ብሎ ዓይን ማጥፋት ማለት ይኼ ነው።»

«እድገት እኮ ነው ጋሼ። ስንቱ ይመኘዋል።»

«ለተመኘው ስጠው። እኔን ልታሳብደኝ ነው።»

አለቃው ወረቀቱን እንደገና ያነብባል። ቀና ብሎ ለማየት ያፍራል።

«የቆጣሪ ንባብ ቦርሳዎ እዚያው ሚስማሩ ላይ ነው» ይላል በመጨረሻ። «ማንም አልነካውም።»

አንባቢው አያመሰግነውም። ቦርሳውን ከነአቧራው አንግቶ ዳገቱን ይያያዘዋል። ግማሽ ላይ ሲደርስ ትንፋሹ ይቆራረጣል። ያንን ወንበርም፣ ወንበሩን የሰጠውንም፣ የተቀመጠበትን ራሱንም እየተራገመ ይወጣል።

የመጀመሪያውን በር ያንኳኳል። ከዚህ በፊት ሁለቴ የነከሰው ውሻ ከውስጥ እየዘለለ ይጮኻል።

«ጩኽ» ይለዋል፣ እንባና ላቡን በአንድ እጅጌ እየጠረገ። «ጩኽ፣ መጥቻለሁ።»