ባልደረቀ ልስን ላይ

ክፍሌ በጦርነት የፈረሰውን የነርሶች ትምህርት ቤት ግድግዳ ሲለስን፣ መስታወት ባልገባለት መስኮት የሚስቱን ሳቅ ሰማ። ጸደንያ ጠመኔ ይዛ ሰሌዳው ፊት ቆማለች፤ መምህሯ ሙጂብ አጠገቧ ሆኖ ፈገግ ብሏል። ሐርጌሳ ከገቡ ወዲህ እንዲህ ስትስቅ ሰምቷት አያውቅም። ደሙ ፈላ።

«ጸደንያ!» ብሎ ጮኸ። ክፍሉ በሙሉ ዞረ። እሷ ደንግጣ ወደ መስኮቱ መጣች።

«ምን ሆንክ?»

«ከሰውዬው ጋር ምን ያሳስቅሻል?»

«ትምህርቱ ነዋ!» አለችና በመስኮቱ እጇን ዘርግታ ባልደረቀው ልስን ላይ ክብ ሳለች። ጠርዙ ላይ ነጠብጣብ አደረገችበት። «ይቺ ሕዋስ ናት። እነዚህ ተቀባዮቿ ናቸው። ቫይረሱ እንደ በር እጀታ እነሱን ይዞ ነው የሚገባው። አንዳንዴ ግን ሕዋሷ ሽፋኗን ወደ ውስጥ አጠፍ አድርጋ ተቀባዮቿን ትውጣቸዋለች። ያኔ ቫይረሱ ቢመጣም የሚይዘው ያጣል።»

ክፍሌ ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ ዓይኑ ግን ክቡ ላይ ቀረ። «የዋጠቻቸውስ? ተመልሰው ይወጣሉ?»

ጸደንያ መልሱን አታውቀውም። ዞራ ጥያቄውን ለመምህሯ በሶማልኛ ነገረችው።

«ማሻአላህ!» አለ ሙጂብ ወደ መስኮቱ እየቀረበ። «ግማሾቹ ይመለሳሉ፣ ግማሾቹ እዚያው ይፈጫሉ። ይህን እስከ ዛሬ አንድም ተማሪ ጠይቆኝ አያውቅም።»

ጸደንያ ስትተረጉምለት ክፍሌ አፍሮ ሲሚንቶ የነካውን እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። ቀና ሲል ከሚስቱ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጩ። ፊቷ ላይ ቅናት ሲያይ የመጀመሪያው ነበር።