ሳጥኑ ላይ ያለው ፎቶ

እትዬ አልጋነሽ በሃምሳዎቹ በዘፈንም በቴአትርም ስማቸው የገነነ ሴት ነበሩ። ሸክላዎቻቸውን ለቅሜ ለመጨረስ አሥራ አንድ ዓመት ፈጀብኝ። የመጨረሻዋን ድሬዳዋ አንድ ሰዓት ሠሪ ቤት ሳገኝ፣ ሁሉንም የወጣትነት ፎቷቸው በተለጠፈበት ሳጥን አድርጌ እቤታቸው ወሰድኩላቸው።

የመጀመሪያውን ሸክላ ስከፍትላቸው እንባቸው ወረደ።

«ድምፅዎ ዛሬም ሆድ ያባባል» አልኳቸው።

«የእህቴ ነው» አሉኝ። «ፊቷን ፈንጣጣ ስላበላሸው መድረክ አላወጧትም። እሷ ከመጋረጃው ጀርባ ትዘፍናለች፣ እኔ ፊት ቆሜ አፌን አንቀሳቅሳለሁ። ሸክላውም በእኔ ስም ወጣ። ስትቀበር እንኳ ለሰው አልተናገርኩም።»

ፎቶው እንዳይታይ ሳጥኑን ደፉት።

ቀጣዩ ዘፈን ሲጀምር ግን ቀና ብለው ተቀመጡ። ከንፈራቸው ያለ ድምፅ መንቀሳቀስ ጀመረ፤ አንዲት ቃል እንኳ አልሳቱም።