ዕድሜው ከዜሮ በታች

አባቷ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ቤት ውስጥ የሚወራውን ሁሉ ኮምፒውተሩ ላይ መቅዳት ልማዱ ነበር። ከሞተ ወዲህ መቅጃውን የነካው ሰው የለም።

እናቷ «ሚጣዬ፣ እስቲ ድምፁን ከድሮው ጀምረሽ በተራ አሰሚኝ» ብትላት፣ የኮምፒውተር ባለሙያዋ ልጅ ፋይሎቹን በዕድሜ የምትደረድር አጭር ፕሮግራም ፐርል በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ጻፈች። ፕሮግራሟ ከእያንዳንዱ ፋይል ጎን ከተቀዳ ስንት ቀን እንደሆነው ታሳያለች።

ሁሉም ደህና ተደረደሩ። የመጨረሻው ፋይል ብቻ ዕድሜው ከዜሮ በታች ሆነ፤ ነገ የተቀዳ ማለት ነው። መቀነሱን ገልብጬ ጽፌው ይሆናል ብላ ብታይ፣ ስህተት የለም። የኮምፒውተሩን ሰዓት አየች፤ እሱም ልክ ነው።

«አይ አባዬ፣ ሞተህም አላረፍክ» ብላ ፈገግ አለችና ከፈተችው።

የብዙ ሰው ለቅሶ ቤቱን ሞላው። ከሁሉም በላይ የአንዲት ሴት ጩኸት ይሰማል፦ «ለማን ጥለሽኝ ሄድሽ፣ ልጄ፣ ለማን ጥለሽኝ»

እናቷ ማድ ቤት ሆና ሳህን ታጥባለች። ውሃውን ዘጋችው።

«እኔን። ይቺ ሴት ደግሞ ማን ሞቶባት ነው?»

«ሚጣዬ» አለች ሴትየዋ ከኮምፒውተሩ ውስጥ፣ በእናቷ ድምፅ።