የጉማሬዋ ገጽ

በዚያ ዘመን ዘሩ ያለቀ እንስሳ ሥዕሉ ከየልጁ መጽሐፍ ላይ በራሱ ይጠፋ ነበር፤ ልጆች የማያገኙትን እንዳይመኙ ተብሎ የወጣ ሕግ ነው።

የሐይቁ ጠባቂ ደምሰው ጠዋት በምድር ላይ የቀረችውን የመጨረሻ ጉማሬ ሞታ አገኛት። ከባልደረቦቹ ጋር ቀበራትና እንደ ደንቡ ለአለቆቹ አስታወቀ። አመሻሽ ላይ የአራት ዓመት ልጁን ሶስናን ጭኑ ላይ አስቀምጦ መጽሐፏን ሲገልጥ፣ ለዛሬ እንኳ ሥዕሉን ይተዉላት ይሆናል ብሎ ተስፋ አድርጎ ነበር። ገጹ ግን ነጭ ሆኖ ጠበቃቸው።

"አባዬ፣ ጉማሬዋስ?" አለች ሶስና ወረቀቱን በጣቷ እየዳሰሰች።

ተኝታለች ሊላት አሰበ። ስለ ዝሆኑም ስለ አንበሳውም እንደዚያ ብሏት፣ እስኪነሱ ድረስ እየጠበቀቻቸው ነው። አሁን ግን መዋሸት አቃተው።

"ሞተች፣ ልጄ። ዛሬ ጠዋት እኔው ቀበርኳት።"

ሶስና አላለቀሰችም። ፊቱን ትክ ብላ ስታየው ቆየችና ቀጣዩን ገጽ ገለጠች። አህያ ነበረች። በሁለት እጆቿ ሸፈነቻት፤ ከዚያም ከጭኑ ላይ ወርዳ፣ መጽሐፉን ደረቷ ላይ እንዳቀፈች እስከ በሩ ድረስ ራቀችው።

"ይቺን አትቅበራት፣ እሺ አባዬ?" አለችው።